ወደ ፊት አሳልፉልኝ

በቻይናዋ ጓንግዡ ብርዱ ወጥቶ ሙቀቱ ሳይገባ ግድግዳ የሚያልብበት ጊዜ አለ። እርጥብ አየር ቤት ይገባና መስታወቱ፣ የደረጃው ወለል፣ የቁም ሣጥኑ ጀርባ ሁሉ ውሃ ያወጣል። ልብስ አይደርቅም፤ ዳቦ ባንድ ሌሊት ይሻግታል። የልጄ የኖላዊት ደረት የሚታፈነው በዚህ ጊዜ ነው።

የአስም ፓፏ፣ በአፏ የምትስበው መድኃኒት፣ የሚቀመጠው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት አድርሻት ለአስተማሪዋ እሰጣለሁ፣ ማታ ከአስተማሪዋ እቀበላለሁ። በዚያ ሰሞን ግን ኖላዊት ልመናውን አብዝታ ነበር።

«እማ፣ እኔ ጋ ይሁን። አሥር ዓመቴ እኮ ነው።»

«አንቺ ጋ ከሆነ ይጠፋል።»

«ጠፍቶ ያውቃል?»

«ያልጠፋው እኔ ጋ ስለሆነ ነው።»

ልጅ ናት። ወንበር ላይ ትተወዋለች፤ የክፍል ልጆች ተቀባብለው ይጨርሱታል፤ ፀሐይ ላይ ታስቀምጠውና ይፈነዳል። እነዚህን ሁሉ በየተራ አስቤያቸዋለሁ። እናት ካላሰበቻቸው ማን ያስባቸዋል?

አንድ ቀን ጠዋት ፌርማታው ላይ ከእማማ ሊያንግ ጋር ቆመናል። እማማ ሊያንግ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። በማለዳ ገበያ ደርሰው በውሃ የተሞላ ፌስታል ውስጥ ሕይወት ያለው ዓሣ ይዘዋል፤ ለልጃቸው ቤት ነው። ውሃው በአንድ በኩል ይፈሳል። እኔ ከዚያ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

አውቶቡሱ ከመምጣቱ በፊት ሞልቶ ነበር ማለት ይቻላል። የፊተኛው በር ሲከፈት ሰዉ እንደ ጎርፍ ገፋ። ኖላዊት ቀጭን ስለሆነች በአንድ ሰውዬ ብብት ሥር ሾልካ ገባች። የቢጫ ቦርሳዋ ማንገቻ ከእጄ ወጣ። የተማሪ ካርዷ መክፈያ ማሽኑ ላይ ጢጥ ሲል ሰማሁት። ከዚያ ሾፌሩ ጮኸ፦ «ሞልቷል፣ የቀራችሁ በኋላ በር።» በሩም ተዘጋ።

ሮጥን። የኋላው በር ጋ እግሬን አንስቼ ለአፍታ ቆም አልኩ፤ በሩ ቢዘጋብኝስ ብዬ። እማማ ሊያንግ በወገባቸው ገፉኝ።

«ግቢ እንጂ። ቆማ የምታስብን ሴት አውቶቡስ አይጠብቅም።»

በኋላ በር የገባ ሰው ካርዱን ፊቱ ላለው ሰው ይሰጣል። ያ ሰው ለሚቀጥለው ይሰጣል፤ እንዲህ እየተባለ ሾፌሩ አጠገብ ያለው ማሽን ጋ ይደርሳል፣ ጢጥ ይላል፣ በመጣበት እጅ ይመለሳል። ያኔ ሰው በስልኩ መክፈል ገና አልጀመረም ነበር። እዚያ ከተማ ስኖር ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ አንድም ቀን ካርዴ ሳይመለስ ቀርቶ አያውቅም። በላክሁት ቁጥር ግን አይመለስም ብዬ ነው የምልከው። እንዳይወድቅ ብዬ በትንሽ ቀይ ከረጢት አደርገዋለሁ፤ ከረጢቷን የሰፉልኝ እማማ ሊያንግ ናቸው።

«ወደ ፊት አሳልፉልኝ» አልኩና ሰጠሁ።

አጠገቤ የቆሙት ሁለት ወጣት ሴቶች ጠጉሬን እያዩ ይነጋገራሉ።

«የራሷ ነው?»

«የተገዛ ይመስለኛል።»

«ነክቼ ልየው?»

«የራሴ ነው፣ አትንኪው» አልኳት በእነሱው ቋንቋ። አንደኛዋ ፊቷን በጃንጥላዋ ሸፈነች፤ ሌላዋ ሳቀች። «ይቅርታ አክስቴ» አለችኝ። ከረጢቷ በዚህ መሃል ተመለሰች። ካርዱ ውስጧ ነበር።

አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ ወጣና ቆመ። ከፊቱ መኪና በመኪና ነው። ድልድይ ላይ ፌርማታ የለም፤ ፌርማታ በሌለበት ደግሞ በር አይከፈትም። መስኮቱ ሁሉ በእርጥበት ተሸፍኗል። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የኖላዊትን ሳል ሰማሁ። አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ፋታ ይሰጣል፣ ከዚያ ሁለት ሆኖ ይመለሳል። አውቀዋለሁ። ሦስት ሲሆን ፓፉ ያስፈልጋታል፤ ፓፉ ደግሞ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ወደ ፊት ለመግፋት ሞከርኩ። እጄን እንኳ ማንሳት አልቻልኩም። ካርዱን ከከረጢቷ አውጥቼ ፓፉን ከተትኩባትና ከፊቴ ላለው ሰው ዘረጋሁ። አፌ የለመደውን ተናገረ፦

«ወደ ፊት አሳልፉልኝ።»

አሳለፉልኝ። ቀይዋ ከረጢት ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ አየኋት። ሳሉ ሦስት ሆነ። ደረሰች ብዬ ሳስብ ከረጢቷ ፊቷን አዙራ መመለስ ጀመረች። ወሬዋም አብሯት መጣ።

«አይሠራም።»

«ጢጥ አላለም።»

«ሒሳቡ አልቆ ይሆናል።»

«ቅድም ከፍላለች እኮ፣ ያቺው ቀይዋ ናት።»

«ታዲያ ለምን ደገመች?»

«የውጭ ሰው ናት፤ ግራ ገብቷት ይሆናል።»

ከረጢቷ እጄ ገባች። ፓፉ ውስጧ ነበር። ማሽኑ ላይ ሲያሹት ቆይተዋል።

«ካርድ አይደለም» አልኩ። «መድኃኒት ነው። ፊት ያለችው ልጄ አስም አለባት።»

«የትኛዋ ልጅ?» አለ አንድ ሰውዬ።

ጠጉሬን ልትነካ የነበረችው ልጅ መለሰችለት፦ «ስንት የውጭ ልጅ አየህ?»

እማማ ሊያንግ የዓሣውን ፌስታል ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት። ውሃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ገበያ መሃል በሚከራከሩበት ድምፅ ተናገሩ፦

«ስሙኝ። ይቺ ከረጢት ካርድ የላትም። ማሽኑ ላይ እንዳታስነኳት። መድኃኒት ናት። ቢጫ ቦርሳ ላላት ለጠይሟ ልጅ ስጡ። ማሽኑ ላይ የሚያስነካ ሰው መጥቼ በዚህ ዓሣ ነው የምለው።»

ከረጢቷ ተነሣች። አሁን ቃሉ ቀድሟት ይሄዳል፤ «መድኃኒት፣ ለልጅቷ፣ ማሽን አይደለም፣ ለልጅቷ» ይላሉ። በሰው ራስ ላይ ከፍ ብላ ታየችኝ፣ ከዚያ ከአንድ ረጅም ሰውዬ ኋላ ጠፋች። ሰው እግር ሥር የወደቀች መሰለኝ። መስኮት ከፍተው አየር ሊያስገቡላት ሲሉ ከረጢቷ ወንዙ ውስጥ የገባች መሰለኝ።

ሳሉ ቆመ።

ሳል ሲቆም ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለተኛውን ያዝኩ።

«ምን ሆነች? ጠይቁልኝ።»

ጥያቄው በአፍ በአፍ ሄደ። መልሱም እንዲሁ መጣ።

«ተቀምጣለች።»

«አንድ አዛውንት ተነሥተውላት ነው።»

«ደህና ናት ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?» አልኩ።

«ፊት ያሉት።»

«ፊት ያሉት ሐኪም ናቸው?»

«ሴትዮ፣ እኔ ምን አውቄ» አለኝ ሰውዬው። «እጄ ላይ የደረሰውን ነው የማሳልፈው።»

ቀጥሎ እጁ ላይ የደረሰችው ከረጢቷ ነበረች። ባለ ጃንጥላዋ ልጅ ተቀብላ ጨመቅ አደረገቻት።

«ባዶ ናት፣ አክስቴ።»

ከፈትኳት። እውነትም ባዶ ናት። መንገድ ላይ ወድቋል። ልጄ ጋ ሳይደርስ ወድቋል፤ ደህና ናት የሚሉኝ ዝም እንድል ነው።

«ተሰርቋል» አልኩ።

«አስም የሌለበት ሌባ ምን ያደርግለታል?» አሉ እማማ ሊያንግ።

«ያለበት ሌባ ቢሆንስ?»

እማማ ሊያንግ ዓሣቸውን አዩት።

አውቶቡሱ ድልድዩን ወርዶ ፌርማታው ጋ ሲቆም ከኋላ በር ወረድኩና እየሮጥኩ ወደ ፊት ሄድኩ። ሾፌሩ የፊተኛውን በር ከፍቶ ኖላዊትን በዚያ በኩል እያወረዳት ነው። ከንፈሯን አየሁ። አልጠቆረም። አገጯን ይዤ ደረቷ ላይ ጆሮዬን አደረግሁ።

«እማ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ዝም በይና ተንፍሺ።»

ተነፈሰች። ፉጨቱ ቀንሷል።

ሾፌሩ ከመሪው ዘንበል ብሎ «እናትየው፣ ማሽኔ አስም የለበትም፤ ለሌላ ጊዜ በቀጥታ ለልጅቷ ስጫት» አለኝና በሩን ዘጋ። እማማ ሊያንግ በመስኮቱ ውስጥ ዓሣውን አንሥተው ተሰናበቱን።

«ፓፉስ?» አልኳት ኖላዊትን። «የት ወደቀ?»

የቢጫ ቦርሳዋን የጎን ኪስ መታ መታ አደረገችው። ዚፑ እስከ ጫፉ ተዘግቷል።

«ታዲያ ከረጢቷን ባዶዋን ለምን ላክሽ? ልቤን አቆምሽው እኮ።»

«ከረጢቷ ያንቺ ናት» አለች። «ፓፉ የኔ ነው።»

እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችውና መንገድ ጀመረች።

«ይወድቃል» አልኳት ከኋላዋ።

«ዚፕ አለው።»

ልቀማት እችል ነበር። ነገር ግን ድልድዩ ላይ እዚያው ቆሞ የቀረ አውቶቡስ በሐሳቤ ታየኝ፤ ከረጢቷም ወደ ኋላ ስትመለስ። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ከኋላዋ ሄድኩ፣ ዚፑን እያየሁ። በሩ ጋ አስተማሪዋ እንደ ልማዷ እጇን ስትዘረጋልኝ «ዛሬ ልጅቷ ጋ ነው» አልኳት።

በማግስቱ ለራሴ ቦርሳ ሌላ ፓፍ ገዛሁ። ዚፕ ይበላሻል።