ፕሮፌሰሯ ከቅዳሴ ሲወጡ

ሳህሉ ሴትዮዋን ገና ሳያያት ጠልቷት ነበር። ክርስቶስን የማታመልክ አይሁዳዊት ስለ ክርስትና አጀማመር ታስተምራለች ሲባል ሳቁ መጣ፤ የምታስተምረው የገዛ ልጁን መሆኑን ሲሰማ ግን ሳቁ ጠፋ። ሩት ያን ኮርስ ከጀመረች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው እየተጎተተች ነው። ፍሪድሊ ከተማ ካለው የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ ቆሞ እየዋለ ያሳደጋትን ልጅ አንዲት አስተማሪ ልትነጥቀው!

«ዳድ፣ ጀስት ሚት ሃር» አለችው ሩት። «ለእሁድ ቅዳሴ ኢንቫይት አድርጌያታለሁ። ክፉ ፊት ካሳያችኋት ግን አይ አም ደን፤ ሁለተኛ አልመጣም።»

እሁድ መጡ። ፕሮፌሰር ኢዲት ዋክስማን ሰባ ያለፋቸው አጭር ሴት ናቸው። ሩት ያዋሰቻቸውን ነጠላ ተከናንበዋል፤ ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። አንቺ ሊላቸው ተዘጋጅቶ የነበረው ሳህሉ ሳያስበው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ከዚያ በሩ አጠገብ ሆኖ ሰረቅ እያደረገ ያያቸው ጀመር። ሌላ እንግዳ ቢሆን ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ነበር፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው ግእዙን ይከተላሉ። ሩት እንደነገረችው የሴንት ፖል ከተማ ልብስ ሰፊ ልጅ ናቸው። ትንሽ ሳሉ የሰፈር ልጆች «ጌታችንን የገደላችሁ» እያሉ በረዶ ሲወረውሩባቸው እልህ ያዛቸውና የክርስቲያኖቹን መጽሐፍ ራሳቸው ሊያነቡ ተቀመጡ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሡም። ግሪክኛ ተማሩ፣ ሱርስት ተማሩ። የገዛ ወገኖቻቸው ያጧቸው አንዳንድ የጥንት መጻሕፍት ሙሉውን የተረፉት በግእዝ ነው ሲባሉ ደግሞ ጸጉራቸው ከሸበተ በኋላ ፊደል ቆጠሩ። ኢየሱስ ምኩራብ የሚሄድ፣ ሰንበት የሚያከብር አይሁዳዊ መሆኑን የረሳ ሁሉ ታሪኩን በግማሹ ነው የያዘው እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጻፉ። ከክርስቲያኑም ከአይሁዱም ያተረፉት ቁጣ ነው፤ እሳቸው ግን ወይ ፍንክች።

ወንጌል ተነበበ፣ ስብከቱ አለቀ። ዲያቆኑ እንደ ወትሮው፣ ያልተጠመቁ ይውጡ ሲል በግእዝ አወጀ። ሳህሉ ይህን አዋጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል፤ አንድም ሰው ሲወጣ ግን አይቶ አያውቅም። ዲያቆኑም ቢሆን የሚወጣ ይኖራል ብሎ ሳይሆን ሥርዓቱ ስለሆነ ነው የሚለው።

ፕሮፌሰሯ ተነሡ። ወደ መቅደሱ ጎንበስ አሉ፤ ጫማቸውን አንሥተው ወጡ።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ሩት ወደ አባቷ ሮጠች። «ዲድ ሂ ጀስት ኪክ ሃር አውት? አባረራት እኮ፣ ዳድ!»

በቃ፣ ልጄን ዛሬ አጣኋት አለ ሳህሉ በሆዱ። ጫማው ትዝ ሳይለው በካልሲው በረዶው ላይ ወጣ፤ ሩትም ተከተለችው።

ፕሮፌሰሯ መኪና ማቆሚያው ዳር ግድግዳውን ተጠግተው ቆመዋል። ዓይናቸውን እንባ ሞልቶታል።

«ይቅርታ ያድርጉልን» አለ ሳህሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «እርስዎን ማለቱ አይደለም፤ ልማድ ሆኖ ነው።»

«እኔንማ ነው!» አሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። «ያልተጠመቅኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አዋጅ ስንት ጽፌያለሁ መሰለህ! ሁልጊዜ ግን ከወረቀት ላይ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው በጆሮዬ አወጀው፤ እኔም ወጣሁ። በጥንት ዘመን የኖሩት የእኔ ብጤዎች የቆሙት እንዲህ ደጅ ነበር። አሁን ገባኝ።»

ሩት የመኪና ቁልፏን አወጣች። «ፕሮፌሰር፣ ኢትስ ፍሪዚንግ። ኑ፣ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ፤ እንሂድ።»

ሴትዮዋ ኮስተር አሉ። «አንቺ ወዴት? አንቺን ማን ውጪ አለሽ? እኔ የማጠናው ቤት ነው፤ ላንቺ ግን ቤትሽ ነው። ጥያቄሽን ይዘሽ ግቢ። መጠየቅ የሚያስወጣ ቢሆን ኖሮ ሐዋርያቱ ቀድመውሽ ይወጡ ነበር።»

ሩት መምህሯን አየች፤ አባቷን አየች። ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማንም ሳይጎትታት ገባች።

ሳህሉ ኮቱን አውልቆ ፕሮፌሰሯ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።

«አንተስ አትገባም? የተጠመቅህ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። እንግዳ ደጅ አቁሜ ግን አላስቀድስም።»

እግሩ ደንዝዟል፤ ንቅንቅ አላለም። ከግድግዳው ወዲያ ሕዝቡ ለካህኑ ሲመልስ ተሰማ። ሳህሉ ከሴቶቹ ድምፅ መሃል የልጁን ለየው።