የዊንድሪጅ አይስክሬም ሠሪ

ዊንድሪጅ ስትጀመር የመድፍ መርከብ ልትሆን ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጠና ግን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰዎች ግማሽ መንገድ ላይ ሐሳባቸውን ቀይረው አናቷ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ገጠሙላት። ጠባብ ነበረች፤ አብራሪዎቻችን "ማስመሪያ ላይ ማረፍ ነው" ይሉ ነበር። እኔ ሎዌል፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የተሳፈርኩባት አይስክሬም ልሠራ ነው።

መከራዬ ኦርቪል ቴግ የሚባል አብራሪ ነበር። በሰማይ ላይ አንበሳ ነው፤ ማረፍ ላይ ግን ዕድል የለውም። በ1944 ሰኔ ነዳጅ አልቆበት ባሕር ውስጥ ገባ። አጃቢ መርከባችን ሃርሎው አወጣችውና በመብራት ምልክት መልእክት ላከች፦ "አብራሪያችሁ እኛ ጋ ነው። ሰማንያ ሊትር አይስክሬም ላኩና ውሰዱት።" በመርከቦች መካከል የተለመደ ጨዋታ ነው። ማሽኔ ትንሽ ስለነበረች ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የራሳችን ሰዎች ከአይስክሬም ጦማቸውን ዋሉ። ኦርቪል በገመድ ተንጠልጥሎ ሲመለስ የመርከበኞቻችን ጩኸት ለጉድ ነው።

"ና አንተ ቫኒላ! ዋኝተህ ብትመጣ ምን ነበረበት?"

"ከሰማንያ ሊትር ቢያሳንሱኝማ አልመጣም ነበር!" አለ።

ጥቅምት ላይ ፊሊፒንስ አጠገብ አንድ የጃፓን አውሮፕላን ከደመና ሹልክ ብሎ ወጣና ማረፊያችን መሃል ላይ ቦምብ ጣለ። እሳት ለማጥፋት ስሮጥ ሁለተኛ ፍንዳታ አንስቶ ባሕር ውስጥ ወረወረኝ። ያን ዕለት አርባ አንድ ሰው ሞተ፤ አንዱ ከእኔ በታች ባለው ተደራቢ አልጋ የሚተኛው ዳቦ ጋጋሪው ኬስለር ነበር። ሃርሎው ጎኗ እስኪፋቅ ተጠግታ በእሳቱ ላይ ውኃ ትረጭ ጀመር፤ እኔንም ጎትተው አወጡኝ።

"ሥራህ ምንድን ነው?" አለኝ አንድ የሃርሎው ሃምሳ አለቃ።

"አይስክሬም ሠሪ።"

"ጌታዬ! ይሄንንስ አንመልስም!" ብሎ ወደ አዛዡ ጮኸ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። ሃምሳ አለቃው ኮቱን አለበሰኝ።

ከሰዓት በኋላ እሳቱ ጠፋ። የኛ አዛዥ መልእክት ላኩ፦ "ሰውዬውን መልሱ። ማሽኑ ተቃጥሏል።"

ሃርሎው መለሰች፦ "እንግዲያው በነጻ ውሰዱት።"

ዊንድሪጅ ተጠገነች። ጦርነቱ አልቆ ለቁርጥራጭ ብረት ከመሸጧ በፊት የመጨረሻ ሥራዋ ወታደሮችን ወደ አገራቸው መመለስ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ስንደርስ የጫንነው ሁለት ሺ ሰው ወደቡ ላይ የምትጠብቀውን እናቱን ሊያይ ወደ አንድ ጎን ተጋፋ፤ መርከቢቱ አዘነበለች። አዛዡ በድምፅ ማጉያ "ኧረ ግማሻችሁ ወደዚህ!" እያሉ ሲለምኑ የሰማቸው አልነበረም።