የሜሂታብል አምሳያ የሰጠችው ቃል

ማክሰኞ ጠዋት ሜሂታብል ዶው እስር ቤት በሰንሰለት ታስራ ሳለች፣ አምሳያዋ የፍርድ ቤቱን በር ከፍታ ገባች። ማንም አልደነገጠም። ፒዩሪታን የሚባሉት አጥባቂ ፕሮቴስታንቶች በአሜሪካ ባቋቋሙት በዚያ ቅኝ መንደር የጠንቋይ አምሳያ ከሥጋዋ ተለይታ ሰው እየቆነጠጠች እንደምትዞር ሕፃኑም ያውቃል። ዳኛ ሆርን "በሩን ዝጊው፤ ይበርዳል" አሏት።

ሕጉ እንዲህ ነበር፦ ጠንቋይ ነኝ ብሎ ያመነና ግብረ አበሮቹን የጠቆመ ይፈታል፤ አይደለሁም ያለ ይሰቀላል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ልቡን የት ጥሎት እንደነበር እንጃ። ሜሂታብል ሦስት ጊዜ ተጠይቃ ሦስት ጊዜ "አልዋሽም" ብላለች። ከአፏ የሚጠብቁት የታናሽ እህቷን የቴምፐራንስን ስም እንደሆነ ገብቷታል። የጎረቤት ወተት ሲናጥ ውሎ ቅቤ አልወጣ ያለው ቴምፐራንስ በደጁ ያለፈች ዕለት ነው ተብሎ ይወራ ነበር።

ሰኞ ዕለት እስር ቤት ውስጥ ከአምሳያዋ ጋር ተማክረው ነበር።

"እኔ ልመንልሽ?" አለች አምሳያዋ።

"እመኚ። ከእኔ ስም ሌላ ግን እንዳታነሺ።"

"ይሰቅሉሻል እኮ!"

"አውቃለሁ። እህቴን ግን አይነኩም።"

ማክሰኞ ዳኛው አምሳያዋን ጠየቁ።

"ጠንቋይ ነሽ?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"ግብረ አበርሽስ?"

"ሜሂታብል ዶው።"

"እህቷ ቴምፐራንስስ?"

"የለችበትም። ቃሌ ይጻፍልኝ።"

ጸሐፊው ጻፈ። ዳኛ ሆርን ጺማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። የአምሳያ ቃል አይጸናም ቢሉ፣ እስከዚያ ቀን በአምሳያ ማስረጃ የሰቀሏቸው ስድስት ሰዎች በከንቱ ሞቱ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉን ተቀበሉ። አምሳያዋ ተፈታች፤ ሜሂታብል ሞት ተፈረደባት፤ የቴምፐራንስ መዝገብ ተዘጋ።

ዓርብ ዕለት ሜሂታብል የመስቀያውን መሰላል ማንም ሳይደግፋት ወጣች። እንዲህ ያለ ልብ ያላት ሴት አይቼ አላውቅም። አምሳያዋ ከሕዝቡ መሀል፣ ከቴምፐራንስ ጎን ቆማ ነበር። መሰላሉ ሲነሳ የአምሳያዋ እግሮች ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አሉ፤ እዚያው ቀሩ።

ቴምፐራንስ ቀና ብላ አየቻት።

"ቤታችን እንሂድ" አለች አምሳያዋ።

ከባሕር የሚመጣው ነፋስ በርትቶ ነበር። ቴምፐራንስ እያለቀሰች፣ ነፋሱ እንዳይወስድባት የአምሳያዋን ቀሚስ ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ በመንደሩ መንገድ እየጎተተች ወሰደቻት።