የማርፈድ ድርሻ

መምህር ጉሌድ ፋራህ ትምህርት በተጀመረበት ቀን አሥራ አንድ ደንቦች ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈና አንድ በአንድ አነበባቸው። ስልክ ይዘጋል። ከሌላ ሰው ሥራ የገለበጠ ዜሮ ያገኛል። ጫት በጉንጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እዚህ ላይ ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። ሀርጌሳ ጫት የሚደርሰው ወደ ቀትር ነው፣ ትምህርቱ ደግሞ የጠዋት ነው፤ በጠዋት የሚቅም ካለ እሱ ሐኪም እንጂ መምህር አያስፈልገውም። ጉሌድ ግን ፈገግ እንኳ አላለም። አራተኛውን ደንብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው፦ ልክ በሁለት ሰዓት በሩ ይዘጋል፤ ውጭ የቀረ አርፍዷል፤ ሦስት ጊዜ ያረፈደ ለማጠቃለያ ፈተና አይቀመጥም።

እዚህ አገር ደግሞ ደንብ የሚጸናው ሰዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ተከራክረው፣ ተኮራርፈው፣ በመጨረሻ ሲስማሙበት ነው። ተነብቦ ብቻ የጸና ደንብ ማንም አያውቅም። ስለዚህ አዋሌ ተነሣ። አዋሌ ዕድሜውን በበርበራ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጢሙን ሂና መቀባት ከጀመረ በኋላ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባው፤ መምህሩን በብዙ ዓመት ይበልጠዋል።

«መምህር፣ ይኼን ከማን ጋር ተስማምተህ ነው የጻፍከው?»

«ከማንም።»

«እንግዲያው ያንተ ደንብ ነው። የኛ እስኪሆን ትንሽ ጊዜ ይፈጃል» ብሎ ተቀመጠ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመምህሩ ቅጽል ስም ወጣለት። አንካሳውን አንካሳ፣ ጥርሰ ፍንጭቱን ፍንጭት ብለው ፊት ለፊት የሚጠሩ ሰዎች እሱን ሊምሩት አይችሉም፤ «ጓጉንቸር» አሉት።

ጉሌድ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ልጅ ሳለ አባቱ የምትታለበዋን ግመላቸውን ከበረት አውጥተው ለሌላ ሰው ሲያስረክቡ አይቷል። ሩቅ ያለ፣ መልኩን እንኳ የማያውቁት የጎሳቸው ሰው በጠብ የሰው ዓይን አጥፍቶ፣ ካሳው ለጎሳው ሁሉ ተደለደለ፤ ለእነሱ ቤት የደረሰው ያቺ ግመል ሆነች። ጉሌድ እያለቀሰ «እኛ ምን አጠፋን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አባቱ «ነገ የሚያጠፋው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉትና ገመዱን ለሰውዬው ሰጡት። መልሱ አልዋጥልህ አለው። ቆይቶ ካምፓላ ሲማር ነው ልቡ የረጋው። እዚያ ያረፈደ ራሱ አረፈደ፣ የወደቀ ራሱ ወደቀ፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚያጣራ የለም። አገሩ ተመልሶ መምህር ሲሆንም የተመኘው አንድ ነገር ነው፤ ጎሳ የማይገባበት አንድ ክፍል።

ኡባህ የዚያ ክፍል ጎበዝ ነበረች። የሦስተኛ ዓመት የውሃ ምህንድስና ለብዙዎቹ ራስ ምታት ነው፤ ለእሷ ግን ጨዋታ ነበር። ጉሌድ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን ፊቷ ላይ ያየዋል። ችግሯ የግመል ወተት ነው። እናቷ ገበያ ውስጥ ወተት ይሸጣሉ፤ ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ከገጠር የሚመጣውን መኪና የምትጠብቀው፣ ጄሪካኑን አውርዳ ለእናቷ የምታደርሰው እሷ ናት። መኪናው በጊዜ ከመጣ በጊዜ ትደርሳለች። መኪናው ካረፈደ አረፈደች።

አንድ ቀን ጎማ ፈነዳ። ሌላ ቀን ሾፌሩ እንቅልፍ ጣለው። በሦስተኛው ግን በላይ በኩል ሌሊቱን ዘንቦ፣ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ደረቅ ወንዝ ሞልቶ አደረ፤ የውሃ ተማሪዋን ውሃ አስቀራት። በመጨረሻ ቀሚሷን ሰብስባ ተሻግራ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ስትደርስ ጉሌድ በሩን ዘግቶ መለስ እያለ ነበር። በመስኮቱ ተያዩ። አልከፈተላትም።

ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ፈተናው ላይ ካልተቀመጠች ዓመቷ ተቃጠለ ማለት ነው፤ እናቷ ደግሞ ሌላ ዓመት የሚጠብቅ ጉልበት የላቸውም። ይኼን ጉሌድ ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ ምክንያቱም ኡባህ ሥጋው ናት። የእሷና የእሱ አባቶች ቢቆጠሩ አምስተኛው ላይ ይገናኛሉ፤ ከግቢ ውጭ አጎቴ ነው የምትለው።

ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው። እናቱ ወሬውን እንደሰሙ አኮረፉት፤ ሻይ ሲያቀርቡለት እንኳ ፊታቸውን አዙረው ነው። «የገዛ ሥጋህ ላይ በር ዘግተህ እንጀራህ ይዋጥልሃል?» አሉት። የጎሳው ሽማግሌ ቢሮው ድረስ መጥተው፣ ስለ ዝናብና ስለ ግጦሽ ሲያወሩ ቆይተው፣ ሲወጡ ጠቀስ አድርገውት «በር መቼም ቁልፍ አለው» ብለው ሄዱ። እሳቸው ባይጠቅሱት ኖሮ ምናልባት ልቡ ይራራ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ደነደነ። ለእሷ ቢከፍት ነገ ተማሪው ሁሉ በሩ የየትኛው ጎሳ እንደሆነ ያውቃል፤ ለሌላው ዘግቶ ለሥጋው የሚከፍት ሰው ደንብ ግድግዳ ላይ ባይለጥፍ ይሻለዋል። «ደንብ ደንብ ነው» አለ።

ኡባህ አልለመነችውም። ፈተናው ቢቀርም ተቀምጦ መስማት ይፈቀድ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው። ይፈቀዳል አላትና ወደ ሰሌዳው ዞረ። ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ።

ክፍሉም ምንም አላለም። የሚያስፈራው እሱ ነው፤ ሶማሌ ካልተከራከረ አንድ የሸረበው ነገር አለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሌድ በቢሮው መስኮት ሲያይ ተማሪዎቹ በሙሉ ከበሩ ማዶ ባለው ግራር ሥር ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። የጫቱ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ሲያልፍ ማንም አልተነሣም። ኡባህ ብቻ የለችም። ነገ ትምህርት ሊያቆሙ ነው ብሎ ደመደመ፤ ተናደደም።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ክፍሉ ውስጥ አንድም ተማሪ የለም። ጉሌድ ባዶውን ወንበር ሁሉ አየና፣ ደንብ ነውና፣ በሩን ዘጋ። ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፈ። የምዕራፉን ርዕስ ጻፈ። ለማን እንደሚያስተምር ግን አላወቀም። ከውጭ ሳል ሰማ፤ ከዚያ «አትገፍትረኝ» የሚል ሹክሹክታ። በሩን ከፈተው።

ከኡባህ በቀር ሁሉም ተሰልፈው ቆመዋል። አዋሌ ከፊት ነው።

«አርፍደናል» አለ።

«አይቻለሁ። ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። የኡባህን ማርፈድ ለሁላችን ደልድለነዋል። ድርሻችንን ልንከፍል መጥተናል፤ በየስማችን ጻፍብን። ለአንድ ሰው ዓመት የሚያቃጥል ነገር ለዚህ ሁሉ ሰው ምንም አይደለም።»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሉት ይኼን ነው። ጉሌድ ግን ሎሚ የሚቆጥርበት ልብ አልነበረውም። ዓይኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞረ። የበርበራ ሰው አለ፣ የቡርዖ አለ፣ የቦረማ አለ። ባለፈው የዝናብ ወቅት አባቶቻቸው በአንድ የውሃ ጉድጓድ ሰበብ የተታኮሱ ሁለት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። ከኡባህ ጎሳ የሆነ አንድም ሰው የለም።

«ካሳ የሚደለደለው በሥጋ ነው» አለ ጉሌድ። «እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?»

ከኋላ አንዲት ልጅ «የሦስተኛ ዓመት ውሃ» አለች።

አንዳንዶቹ ሳቁ። ጉሌድ ቢሌን አየው። ቢሌ በሕይወቱ አርፍዶ አያውቅም፤ ከኡባህ ቀጥሎ ሁለተኛ የሚወጣው እሱ ነው፣ እሷ ካልተፈተነች አንደኛነቱ በሰሃን ቀረበለት ማለት ነው።

«አንተስ?»

ቢሌ መሬት መሬት እያየ «እሷ በሌለችበት አንደኛ ብወጣ ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ አላምንም» አለ።

አዋሌ ቀጠለ። ደንቡን እንዳልነኩት፣ ማርፈድ እንደነበረና አሁን እንደተከፈለ፣ የቀረ አንድ ድርሻ ብቻ እንዳለ ተናገረ። ትናንት ሲደለድሉ ያን ድርሻ ለማን እንደሚሰጡ ክርክር ተነሥቶ እንደነበረም አልደበቀም።

«የሥጋዋ ድርሻ ነው» አለ። «በአገሩ ሕግ ቀድሞ የሚከፍል ሥጋ ነው። በሩን ክፈትላት አንልህም፤ እሱ ለአንተም ነውር ነው። ከኛ ጋር ውጭ ቁም።»

ለጉሌድ የአባቱ እጅ ገመዱን ሲያቀብል ታየው። ያን ጊዜ አባቱ ተገደው፣ አዝነው የሰጡ ነበር የመሰለው፤ አሁን ሲያስበው ፊታቸው ላይ ያየው ሐዘን አልነበረም። ግመሏን የሰጡት ለማያውቁት ሰው ብለው አልነበረም፤ ነገ ሊያጠፋ ለሚችለው ለጉሌድ ብለው ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አላፈረም። እነዚህ ልጆች ደግሞ ካባቱም አልፈው ሄደዋል፤ ጎሳ የማይገባበት ክፍል ሲመኝ እነሱ ራሱን ክፍሉን ጎሳ አደረጉት።

ወጣ። በሩን ከኋላው ሳበው፣ ቆለፈውና ቁልፉን ኪሱ ከቶ በአዋሌና በቢሌ መካከል ቆመ። ፀሐዩ ከግራሩ አናት ወጥቶ ግድግዳውን ያሞቅ ጀመር።

አዋሌ ለኡባህ ዛሬ ትምህርቱ ወደ ሦስት ሰዓት ተገፍቷል ብሎ መልእክት ልኮላት ስለነበር፣ እሷ በጊዜዋ፣ ቀስ ብላ፣ እጇ ወተት ወተት እየሸተተ መጣች። መምህሩንና ተማሪዎቹን በተዘጋ በር ፊት ተደርድረው ስታይ ደነገጠች።

«በሩ ገና አልተከፈተም እንዴ?» አለች።

«አርፍደን ነው» አላት ጉሌድ፣ ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ። «ሁላችንም። ነይ ግቢ፣ ለፈተናው ብዙ ይቀረናል።»