ብረት ታወጣለህ አሉ

አላምረው የወንድሙ መርዶ የተነገረው ዕለት አላለቀሰም። በሠልስቱም አላለቀሰም፤ በአርባውም። የንፋስ መውጫ ሰው ደግሞ ይህን አይቶ ዝም አይልም። «ምን ዓይነት ልብ ነው እቴ፣ ድንጋይ ነው እንዴ?» ተባባሉ ለቅሶ ደራሾቹ፣ ንፍሯቸውን እየቆረጠሙ። ድንጋይስ ባልሆነ! መሐሪ ታናሹ ነበር፤ በጀርባው አዝሎ ያሳደገው፣ ፊደል ያስቆጠረው ልጅ። ግን መርዶው ጆሮው ሲገባ አላምረው መብራት እንደ ሄደበት ቤት ሆነ። አልከፋው፣ አልራበው፣ አልበረደው። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል።

ሥራው የወረዳው መዝገብ ቤት ነው። ቢሮው ቢከፈትም በዚህ ጊዜ ባለጉዳይ የት ይገኛል? ስለዚህ ብዙውን ቀን ቤቱ ተቀምጦ ሽቦ ይጠመጥማል። ከተቃጠለ የወፍጮ ሞተር የመዳብ ሽቦ ፈታ፤ አሮጌ የባጃጅ ባትሪ አገኘ፤ ኔትወርክ በነበረ ጊዜ ስልኩ ላይ ያወረዳቸውን ቪዲዮዎች ደጋግሞ አየ። ሌላ አስተማሪ የለውም። መጀመሪያ ሽቦውን የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ ላይ ጠመጠመና ከባትሪው ጋር አገናኘው፤ ምስማሮቹ ዘለው ተለጠፉ። ባትሪውን ሲያላቅቀው ግን አንዳንዶቹ እንቢ፣ አንወርድም አሉ። ጠንካራ ብረት አንዴ የያዘውን ቶሎ አይረሳም ለካ። ቀጥሎ ግንበኞች ፌሮ የሚያስሩበትን ለስላሳ ጥቁር ሽቦ ቆራርጦ፣ አንድ ላይ አስሮ፣ በዚያ ላይ ጠመጠመ። ይኸኛው ኤሌክትሪክ ሲገባበት አጥብቆ ይስባል፤ ሲቋረጥበት ወዲያው ይለቃል፣ ምንም ይዞ እንደማያውቅ። አላምረው ይህን መረጠ። ሲያስይዝ ሲያስለቅቅ፣ ሲያስይዝ ሲያስለቅቅ ይውላል።

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ» ትለዋለች ሚስቱ ዘቢደር። እሱም አይቆጣም። ቢቆጣላት እንዴት ደስ ባላት!

ወሬ መቼም ቤቱ አይውልም። አላምረው ብረት የሚስብ ነገር ሠራ ተባለ፤ ገበያተኛው ሰማ፣ ገበያተኛው ወደ ገጠር ይዞት ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘቢደር ከቤት በሌለችበት አንዲት ሴትዮ በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው። ነጠላቸው በአቧራ ቀልሟል።

«ብረት ታወጣለህ አሉኝ። እውነት ነው ልጄ?»

እንግዲህ አገሩ ጋይንት ነው፣ ጊዜውም የምናውቀው ጊዜ ነው። እዚህ አገር «ብረት» ያለ ሰው ምስማር ማለቱ አይደለም፤ ጠመንጃ ማለቱ ነው። ብረቱን መሬት ውስጥ የቀበረ ስንት አለ! የተቀበረ የሚያወጣ ሰው ተገኘ ከተባለ ፈላጊው ብዙ ነው፣ ፍለጋውም ለደግ አይደለም። ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ዘግቶ ይገባ ነበር። አላምረው ግን ፍርሃቱም ከሌላው ስሜቱ ጋር አብሮ ሄዷልና ቀዝቀዝ ብሎ መለሰ።

«እኔ የማንንም ብረት አላወጣም፣ እማማ። የተቀበረውም ባለበት ይቀመጥ።»

«ይቀመጥ? ይቀመጥ ትለኛለህ?» ሴትዮዋ ደረታቸውን መቱ። «የልጄ ጭን ውስጥ ነው እኮ ያለው!»

ስማቸው አማረች ነው፤ ከዚያው ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም በኩል ነው የመጡት። ልጃቸው ኤፍሬም ደጅ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጧል። የበልግ ገብስ ሲያጭድ ነው ፍንጣሪ የመታው፤ ከየት እንደተተኮሰ የሚያውቅ የለም። ሐኪሞቹ ትልቁ የደም ሥር አጠገብ ስለሆነ ጎንደር ሄዶ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይነካም ብለዋል። መንገዱ ደግሞ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል። እግሩ ከጭኑ ጀምሮ ደንዝዟል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እናትየው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ዘንድ መጡ።

እንደመጡ ሊመልሳቸው ይገባ ነበር። አላምረውም አልጠፋውም። ግን እጁ አላስቀምጥ አለው።

«ብረት መሆኑን ብቻ ልይ» አለ።

ኤፍሬምን ደግፈው አስገብተው መደቡ ላይ አጋደሙት። አላምረው ያን የያዘውን የማይረሳ የባሌስትራ ቁራጭ በክር አንጠልጥሎ ወደ ጭኑ አስጠጋ። ቁራጩ ዘወር አለና ጫፉን ጠባሳው ላይ ደቀነ።

«እርሳስ አይደለም፤ ብረት ነው!» አለ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

እዚህ ላይ መተው ነበረበት እኮ! አልተወም። ያን ቶሎ የሚለቀውን ጥቅል በእጁ ጨብጦ ጫፉን ጠባሳው ላይ አሳረፈና ሽቦውን ከባትሪው አገናኘ። ቆዳው ከሥር በጣት እንደ ገፉት ብቅ አለ።

«ውይ!» ኤፍሬም ከወገቡ ተነሣ። «እማዬ! ተሰማኝ! እግሬ ተሰማኝ!»

አማረች እልልታቸውን አቀለጡት። «ሳበው ልጄ! እጅህ ይባረክ፣ ሳበው!»

«አትልቀቀው» አለ ኤፍሬምም፣ የአላምረውን ክንድ ጨብጦ። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ ያለቅሳልም ይስቃልም። አላምረው ዓይኑን ከፊቱ መንቀል አቃተው። ቀናበት። በሰው ሕመም ቀናበት! ማቋረጥ እንዳለበት እያወቀ ያን ፊት እያየ ቆየ። ቆዳው ሲወጠር ነው የደም ሥሩ ትዝ ብሎት በሌላው እጁ ሽቦውን ከባትሪው የነቀለው። እብጠቱ ተመልሶ ሰመጠ።

«መልሰው እንጂ!» አለ ኤፍሬም።

«አልመልስም። ቢመዘዝ ሥሩን ይበጥሰዋል። እዚሁ እጄ ላይ ትሞታለህ።»

«ልሙታ!»

«አልመልስም አልኩህ።»

አማረች ተነሡ። «ባይኖርህ እግዜር አልሰጠውም ብዬ እሄድ ነበር። እያለህ ትነፍገኛለህ? አንተን ሴት አልወለደችህም? ወዲህ በለው፣ እኔው እስበዋለሁ!» ብለው ጥቅሉን ከእጁ ሊነጥቁ ያዙት። ወዲያው ጮኸው ለቀቁ። ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

«እሳት ነው! ጣለው! ኧረ ጣለው አንተ ሰው!»

እሱ ጨብጦት እንደቆመ ነው። ሲሉት አስቀመጠው። ሽቦውን የሸፈነበት ጥቁር ናስትሮ፣ ያ የኤሌክትሪክ ፕላስተር፣ ቀልጦ መዳፉ ላይ ቀርቷል፤ በናስትሮው ዙሪያ ቆዳው ነጭ ሆኖ ውሃ ቋጥሯል።

«እጅህ ነዷል እኮ!»

አላምረው መዳፉን ገልብጦ አየው። «አልተሰማኝም» አለ።

አማረች ይህን ቃል ያውቁታል። ክረምቱን ሙሉ የልጃቸውን እግር በመርፌ ጠቅ እያደረጉ ሲጠይቁ የሚሰሙት ይህንኑ ቃል ነው። የአላምረውን ፊት ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ጥቁር ሻሽ የታሰረበትን የመሐሪን ፎቶግራፍ አዩ። ቁጣቸው የት እንደገባ እንጃ።

«ና ተቀመጥ» አሉት።

ከኤፍሬም ጎን መደቡ ላይ አስቀመጡት። በር ሥር ካለው ጀሪካን በጣሳ ቀድተው መዳፉ ላይ ቀስ ብለው ያፈስሱ ጀመር።

«ሲያምህ ንገረኝ» አሉት።

አላምረው እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። ጣሳው ባዶ ሆነ፤ ሌላ ቀዱ።

«አሁንስ?»

«ገና ነው፣ እማማ።»

ሌላ ቀዱ።