ገባ ወይስ ወጣ

ሊሳርዶ ሚስቱን ቀብሮ፣ የገዛ ቤቱን ቆልፎ፣ በሰባ ሁለት ዓመቱ፣ ሴት ልጁ ዘንድ ሊኖር ሳንታ ኢነስ ሲገባ ከተማዋን አይቷት የማያውቅ መስሎ ነበር። ያውቃታል። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ውሎባታል፤ የወጣው ግን በሁለት ፖሊሶች ታጅቦ፣ የብርቱካን ልጣጭ ጀርባው ላይ እየዘነበ ነው። አንደኛው ብርቱካን ጭራሽ ሳይላጥ ነበር የመጣው። ከጆሮው ጀርባ አርፎ ሳምንት ሙሉ አሳብጦታል።

ይህን ለልጁም አልነገራትም። ያን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ ማን ያስታውሰኛል ብሎ ራሱን አጽናና። የዋህ ነበር።

በመጣ በሦስተኛው ቀን ዳቦ ሊገዛ ወጣና፣ ሰልፍ ላይ የደረሰ ሰው ሁሉ እንደሚጠይቀው፣ "መጨረሻው ማነው?" ብሎ ጠየቀ።

"እኔ ነኝ" አለች አንዲት ቀጭን ሴትዮ፣ ዞር እንኳን ሳትል። ከፊቷ ከቆመው ሰውዬ ጋር ክርክር ይዛለች። "ገብቷል እልሃለሁ! እጁ ሰሌዳውን ነክቷል! ያ ዓይነ ስውር ቡስታማንቴ ነው ጉድ የሠራን!"

ሊሳርዶ ቡስታማንቴ ዳቦውን ትቶ ሊመለስ ምንም አልቀረው።

ሴትዮዋ ኦዳሊስ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምራ ጡረታ የወጣች ናት። ሰውዬው ማካሪዮ ነው፣ የተበላሸ ማራገቢያ ሁሉ የሚጠግን። ክርክሩ ደግሞ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነው። የአውራጃው የቤዝቦል ፍጻሜ፣ የመጨረሻው ዙር፣ ነጥቡ እኩል ለእኩል። ሚዳቋው ብለው የሚጠሩት ሯጫቸው ሦስተኛውን ቤዝ ዞሮ፣ ቤት ወደሚሉት ወደ መጨረሻው ሰሌዳ ተንደረደረ፤ በደረቱ ተንሸራተተ፤ ሰሌዳውን የሚጠብቀው የተጋጣሚ ቀላቢ ኳሷን እንደያዘ ላዩ ላይ ወደቀ። ሚዳቋው ቀድሞ ሰሌዳውን ከነካ ገባ፣ ዋንጫው የሳንታ ኢነስ ነው። ኳሷ ቀድማ እሱን ከነካችው ወጣ። ዳኛው ቡስታማንቴ ቡጢውን ወደ ላይ ሰነዘረ፦ ወጣ! ጨዋታው ቀጠለ፤ ትንሽ ቆይቶ ዋንጫው በተጋጣሚው አውቶቡስ ተጭኖ ሄደ።

"እርስዎ!" ኦዳሊስ ድንገት ዞረችበት። "ቤዝቦል ይወዳሉ?"

"ትንሽ ትንሽ... እከታተላለሁ።"

"ያን ቀን ሜዳ ነበሩ?"

"አልነበርኩም" አለ ሊሳርዶ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

"እሰይ! ማካሪዮ፣ ገለልተኛ ሰው ተገኘልን!"

ዳቦውን አስገዝተው በቀጥታ ወደ መናፈሻው ወሰዱት። እዚያ ትልቅ ዛፍ ሥር ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች አሉ፣ ክርክር ስለማይጠፋባቸው ሞቃቱ ጥግ ይሏቸዋል። በአንዱ ላይ ኦኔሊዮ እግሩን አንፈራጦ ተቀምጧል። የስኳር ፋብሪካውን ባቡር ዕድሜውን ሙሉ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ባቡሩ ቆመ እንጂ እሱ ዛሬም የሚያወራው ከሞተር ጩኸት በላይ ነው። ኦኔሊዮና ኦዳሊስ "ገባ" ባዮች ናቸው፤ ማካሪዮ ብቻውን "ወጣ" ባይ ነው።

"አባቴ፣ እርስዎ ያልነበሩ ሰው ነዎት" አለ ኦኔሊዮ ነገሩን እንደሰማ። "አድልዎ የለብዎትም። ከዛሬ ጀምሮ ዳኛችን እርስዎ ነዎት!"

ሊሳርዶ ሳቁ አመለጠው፤ ሳል አስመስሎ ዋጠው። ስሙን ሲጠይቁት ሊሳርዶ አለ። የአባቱን ስም የጠየቀው የለም።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። ፍርዱን በጠየቁት ቁጥር "ገና እያጠናሁት ነው" ይላል፤ እነሱም ጥንቃቄው ደስ ይላቸዋል። ጠዋት ዳቦውን ይዞ ይመጣል፣ ፀሐይ እስክትበረታ ያወራሉ። ወሬው ደግሞ አያልቅም።

"እንደ ግራኙ ሴቬሪኖ ያለ ወርዋሪ ከዚያ ወዲህ አልተወለደም" ይጀምራል ኦኔሊዮ።

"ሴቬሪኖ እኮ በባዶ ሆዱ ነበር የሚወረውረው" ትላለች ኦዳሊስ። "የዛሬዎቹ ምሳ በልተው እንኳን ኳሷ አትደርስላቸውም።"

"በባዶ ሆዱ? እናቱ ድስት ሙሉ ጥቁር ባቄላ ይዛ አጥሩ ሥር ትቀመጥ አልነበር እንዴ!"

"እሱ ለዳኛው ነው" ይላል ማካሪዮ።

"ዳኛ ባቄላ አይበላም! ዳኛ የሚበላው ሰው ነው!"

ሊሳርዶም አብሮ ይስቃል፤ ምን ያድርግ። ከዚያ ማካሪዮ ባቄላ ከተነሳ አይቀር ሱቁ ውስጥ ድንች ገብቶ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ኦዳሊስ ጉልበቷን እያሸች የደም ግፊት ኪኒን የጠፋበትን ዘመን ትረግማለች፣ ኦኔሊዮ ትናንት መብራት ስንት ሰዓት እንደጠፋ ይናገራል፣ መብራቱም በሆነ መንገድ ዞሮ ዞሮ ቡስታማንቴ ላይ ይላከካል።

ሊሳርዶ እነዚህን ሰዎች ወደዳቸው። መውደድ ብቻም አይደለም። ሚስቱ ከሞተች በኋላ በቀን አሥር ቃል የማያወጣ ሰው ሆኖ ነበር፤ እነሱ ናቸው ምላሱን የመለሱለት። በትንኝ ንዳድ አሥራ አንድ ቀን ሲተኛ ኦኔሊዮ ፍራሹን ተሸክሞ ፀሐይ ላይ አውጥቶለታል። ኦዳሊስ ከራሷ ኪኒን ከፍላ ሰጥታዋለች። ማካሪዮ ከአሮጌ ልብስ ማጠቢያ ሞተር ማራገቢያ ሠርቶ አምጥቶለታል፤ እንደ አውሮፕላን ይጮሃል፣ ነፋሱ ግን እውነተኛ ነፋስ ነው። አንዳንድ ጊዜ ማራገቢያውን እያየ ሊያመሰግናቸው ያስባል፤ ወዲያው ደግሞ ይህን ሁሉ ያደረጉት ለሌላ ሰው፣ ሜዳ ላልነበረው ሊሳርዶ እንደሆነ ትዝ ይለውና ማራገቢያውን ያጠፋዋል።

አንድ ማክሰኞ ኦኔሊዮ እየሮጠ መጣ። ኦኔሊዮ ሲሮጥ ታይቶ አያውቅም።

"ሚዳቋው ይመጣል! ቅዳሜ! ሴት ልጁ ደውላ ነገረችኝ። እዚችው ወንበር ላይ አስቀምጠን ከራሱ አፍ እንሰማለን፤ ዳኛውም እዚያው ይፈርዳሉ። አለቀልህ ማካሪዮ!"

"እናያለን" አለ ማካሪዮ።

የሊሳርዶ ዳቦ ከእጁ ወደቀ። ያን ቀን የብረት ጭምብሉን ሲያወልቅ ሚዳቋው አፍንጫ ለአፍንጫ ተጠግቶ ነበር የጮኸበት፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ። ያን ፊት ሚዳቋው አይረሳም። ቅዳሜ ሁሉ ነገር ያበቃል፤ ወንበሩም፣ ወሬውም፣ ሰዎቹም። ወደ ዝምታው ሊመለስ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ታምሜያለሁ ብሎ ተኛ።

ሦስት ሰዓት ሳይሆን ኦዳሊስ በሩን አንኳኳች። በአንድ እጇ ዳቦውን ይዛለች፣ ተሰልፋለታለች። በሌላው እጇ ግንባሩን ነካችው።

"ትኩሳት የለዎትም።"

"ሆዴን ነው።"

"እሱን እንግዲህ ከውጭ ማየት አልችልም" አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ኦኔሊዮ በባለ ሦስት እግር የኪራይ ብስክሌት አምጪያቸው ብሎ፣ ብስክሌቱ ከታች እየጠበቀ ነው። ዳኛ ሳይመጣ ጨዋታ አይጀመርም አለ። ካልቻሉ ግን እንግዳውን እዚህ እናመጣዋለን፤ ብቻዎን አንተውዎትም።"

ሊሳርዶ ዳቦውን አየው። ገና ትኩስ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ነው ሆዴን አመመኝ የምለው ብሎ አፈረ። ተነሣና ሸሚዙን ለበሰ።

ሚዳቋው ወንበሩ ላይ ደርሶ ነበር። ሚዳቋነቱ ድሮ ቀርቷል፤ ወፍሮ ወንበሩን ግማሽ ይዟል፣ ከዘራውን ጉልበቶቹ መሀል ተክሏል። ኦኔሊዮ ሊሳርዶን ክንዱን ይዞ አቀረበው።

"እኚህ ዳኛችን ናቸው!"

ሚዳቋው ሞራ በለበሱ ዓይኖቹ ቀና ብሎ አየው፣ እጁን ዘረጋ። "ደስ ብሎኛል" አለና ወደ ወሬው ተመለሰ።

አላወቀውም!

ሊሳርዶ ኮፍያውን አወለቀ። ኦዳሊስ ጥላ ያለበትን ቦታዋን ለቀቀችለት፣ ተቀመጠ። ተርፏል ማለት ነው። ዝም ካለ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ እዚህ ወንበር ላይ መቀመጥ ይችላል። ሚዳቋው ሩጫውን ሲተርክ፣ ኦኔሊዮ በየመሀሉ ሲጮህ፣ ኦዳሊስ ፀሐይ ላይ ቆማ በጋዜጣ ስታራግብ ሁሉንም በየተራ አያቸው።

"ሰማችሁ?" ኦኔሊዮ ብድግ አለ። "ገብቷል! አሁን ዳኛው ይፍረዱ። ሁለት ዓመት አጥንተዋል፣ ይበቃል። ገባ ወይስ ወጣ?"

ሊሳርዶ ተነሣ። ቆሞ መናገር ያለበት መሰለው።

"አንድ ጊዜ ፈርጄበታለሁ" አለ። "ቡስታማንቴ እኔ ነኝ።"

ማካሪዮ መነጽሩን አወለቀ። ኦዳሊስ ጋዜጣውን አጠፈች። የሁሉም ዓይን ኦኔሊዮ ላይ ነበር፤ የኦኔሊዮ ፊት ደም መስሏል።

"አንተ?" አለ። ሁለት ዓመት "እርስዎ" ሲለው የኖረ ሰው። "አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እዚህ ቁጭ ብለህ፣ የኛን ወሬ እየሰማህ፣ የኛን ሳቅ እየሳቅክ?"

"አዎ።"

"እሺ። ንገረኝ። ገባ ወይስ ወጣ?"

"አላየሁም" አለ ሊሳርዶ። "አቧራው በጭምብሉ ገባና ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሁለቱም ተደራርበው ወድቀዋል። ሦስት ሺህ ሰው እኔን ያያል። እጄ ዝም ብሎ ተነሣ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ይቅርታ ልላችሁ ፈልጌ ነበር።"

ኦኔሊዮ ወደ ሚዳቋው ዞረ። "አንተስ ምን ትላለህ? ዘራፊህ ይኸው!"

ሚዳቋው ከዘራውን እያሻሸ አቀረቀረ።

"እኔም እኮ አላውቅም" አለ ቀስ ብሎ። "እጄ የነካው ሰሌዳውን ይሁን የቀላቢውን ጫማ ዛሬም አላውቅም። ከተማው ሁሉ ገባህ አለኝ፣ እኔም ጮህኩ። አሥር ደቂቃ የጮህኩበት ሰውዬ አንድ ቃል አልመለሰልኝም። እኔም ለሱ የይቅርታ ዕዳ አለብኝ።" እጁን አየር ላይ ዘረጋ። ሊሳርዶ ሄዶ ያዘው።

ኦኔሊዮ ሁለቱንም አያቸውና ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። እስከ መናፈሻው ደረቅ ፏፏቴ ድረስ ሄዶ ቆመ። ሊሳርዶ በቃ አለቀ አለ በሆዱ። ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ።

ኦኔሊዮ ተመለሰ። ሲናገር ድምፁ ዝግ ብሎ ነበር፤ እንዲህ ሲናገር ሰምተውት አያውቁም።

"ሚስቴን ሮሳዬን የቀበርኩ ዕለት ማታውን የምሄድበት አጣሁ። ቤት መግባት አልቻልኩም። እዚህ መጣሁ። ይሄ ማካሪዮ አይዞህ እንኳን ሳይለኝ 'ወጥቷል' አለኝ። ተናደድኩ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩበት። ነግቶ በማግሥቱም መጣሁ፣ በማግሥቱም። እንደዚያ ነው የተረፍኩት።" ወደ ሊሳርዶ ተጠጋ። "ያን ቀን ዓይንህን ገልጠህ አይተህ ቢሆን ኖሮ፣ ክርክሩ እዚያው ሜዳ ላይ ያልቅ ነበር። እኔ ታዲያ ምን ብዬ እጮህ ነበር? እግዜር ይስጥልኝ። ሌባ ነህ፤ ግን እግዜር ይስጥልኝ።"

ጥምጥም አድርጎ አቀፈው። ሊሳርዶ አለቀሰ፤ አላፈረበትም።

"ስለዚህ" አለ ማካሪዮ መነጽሩን እየመለሰ፣ "በሕጉ መሠረት ወጥቷል።"

"ማነው ወጥቷል ያለው? አላየሁም ነው ያለው!" ኦኔሊዮ ዘሎ ዞረ፣ ድምፁም ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ዳኛ አንዴ እጁን ካነሣ አነሣ ነው!"

"ዓይኑን ጨፍኖ?"

"ሕጉ ስለ ዓይን አይልም!"

ሚዳቋውም ገባበት፤ የሚከራከረው ግን ከማካሪዮ ጋር ተሰልፎ ነበር። ሊሳርዶ መሀላቸው ቆሞ "አመሰግናለሁ" አለ። በጩኸቱ መሀል የሰማው የለም። ደገመው።

ኦዳሊስ ክንዱን ነካ አደረገችው።

"የብርቱካኑን ልጣጭ እኔም ወርውሬያለሁ" አለች በሹክሹክታ።

"አንደኛው ሳይላጥ ነበር።"

"እሱም የኔ ነው።" ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጠጋ አለችና በእጇ ባዶውን ቦታ መታ መታ አደረገች። "አንተ ሌባ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም። ና፣ ተቀመጥ።"

እሷም አንተ አለችው። ሊሳርዶ ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠ።