አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ

አምባቸውና ፊልጶስ ከተኳረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጠቡ የገንዘብ ወይም የሚስት ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይገኝለት ነበር። ፊልጶስ ሳንዲ ስፕሪንግስ በሚባል ሰፈር ቤት ገዝቶ «ቅዳሜ ምርቃት አለ፣ ብቅ በል» ሲለው፣ አምባቸው እንደ ደንቡ «አይ፣ አታስቸግር» አለ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ የተጠራ ሰው ሁለቴ እምቢ ይላል፣ ጠሪው «በሞቴ!» ይላል፣ በሦስተኛው ይኬዳል። ፊልጶስ ግን «ኦኬ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። አምባቸው ያን ቅዳሜ ሱፉን ለብሶ እስኪመሽ ጠበቀ፤ የደወለ የለም።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ሁለቱም ጫማቸውን ያያሉ። አምባቸው ጓደኛው ክፉኛ ናፍቆታል፤ ግን የተናቀ ሰው ቀድሞ አይደውልም።

ያስደወለው ላፕቶፕ ነው። አምባቸው የዕድር ጸሐፊ ነው፤ የነገውን የእሑድ ስብሰባ አጀንዳ በአማርኛ መጻፍ አለበት። ልጁ ሔለን ኮሌጅ ስትሄድ የተወችለት ላፕቶፕ ደግሞ ዊንዶውሱ ሞቶ በምትኩ ሊኑክስ የተጫነበት ነው፤ አማርኛ አያውቅም። ሔለን ፈተና ላይ ናት። ከዕድሩ አባላት ሊኑክስ የሚያውቀው ዳታ ሴንተር የሚሠራው ፊልጶስ ብቻ ነው።

«ምነው?» አለ ፊልጶስ። ሰላምታ የለም።

«ላፕቶፑ አማርኛ አልጽፍ አለኝ። ሊኑክስ ነው።»

«ተርሚናሉን ኦፕን አድርገው።»

ጥቁር መስኮት ተከፈተ። ፊልጶስ ትእዛዙን ፊደል በፊደል አስጻፈው፤ ሱዶ፣ አፕት-ጌት፣ ኢንስቶል፣ ከዚያ አማርኛ የሚያስጽፈው ፕሮግራም ስም።

«ፓስወርድ አስገባ አለኝ። ስጽፍ ግን ምንም አይታይም።»

«አይታይም። ዝም ብለህ ጻፍ።»

አምባቸው የማያየውን መጻፍ አልወደደም፤ ጻፈ ግን። መስመሮች ተንጋግተው ወረዱና ማሽኑ ጠየቀ፤ ይህን ያህል ቦታ ይያዛል፣ መቀጠል ትፈልጋለህ? አዎ ከሆነ ዋይ፣ አይ ከሆነ ኤን። አምባቸው ኤንን ተጫነ።

«አቦርት ይላል፤ አቋረጠው» አለ።

«ምን አደረግክ?»

«ልቀጥል ወይ አለኝ፤ ኖ አልኩት።»

«ለምን?»

«መጀመሪያው ነዋ! ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ።»

«አምባቸው፣ ኖ ካልከው ኖ ነው። ሰርቨር ሩም ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድም ማሽን በሞቴ ብሎኝ አያውቅም።»

አምባቸው ደሙ ፈላ። «አንተስ መች አልከኝ?»

«ምን?»

«ለቤቱ ምርቃት። አንዴ ጠይቀህ ዘጋኸው። እኔ እኮ ሱፍ ለብሼ ቁጭ ብያለሁ።»

«እኔ ናቀኝ ነው ያልኩት» አለ ፊልጶስ፤ ድምፁ ወርዶ ነበር። «ሳህንህን እስከ ማታ አላነሳሁትም።»

አምባቸው አፍሮም ነበር፣ ደስም ብሎት ነበር። ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ስለነበረ ትእዛዙን እንደገና ጻፈ፤ ማሽኑ ሲጠይቀው ዋይ አለ። ፕሮግራሙ ወረደ፣ ተጫነ። ፊልጶስ ቀሪውን ሴቲንግ አሳየው፤ አምባቸውም በሁለት ጣቱ «አጀንዳ» ብሎ ጻፈ።

«ሠራ» አለ።

«ጥሩ። ነገ ከስብሰባው በኋላ ምሳ እኛ ቤት ና።»

«አይ፣ አታስቸ…» አለ አምባቸው፤ ምላሱ ሃምሳ ዓመት የለመደው ነው።

ፊልጶስ ምንም አላለም። ትንፋሹ ብቻ ይሰማል።

«በስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ አምባቸው፣ በጥድፊያ።